ጠረጴዛ ላይ ያማረው ጌጥ አንገት ላይ ለምን ተበጠሰ?

ጥያቄው፦ «አዲስ አበባ ውስጥ ከስድስት ዓመት ወዲህ በእጄ የአንገት ጌጥ እሠራለሁ። የብር ጠልሰም፣ ቀይ የመስታወት ዶቃና አምበር ከመርካቶ እየገዛሁ በዓሣ ማጥመጃ ክር እሰካለሁ። ሰባት ጠልሰም ያለው አንድ ሥራዬ ከተሸጠ በአራተኛው ወር ሠርግ ላይ ተበጥሶ ዶቃው አዳራሹ ውስጥ ተበተነ። ጌጡ 210 ግራም ይመዝናል፤ ክሩ ላይ የተጻፈው ግን 10 ኪሎ ይሸከማል የሚል ነው። ሌላው የሚያሳዝነኝ ነገር፣ ሥራዬን የሚያዩ ሰዎች ‹ያምራል፣ ግን ለቱሪስት የሚሸጠውን ይመስላል› ይሉኛል። እኔ መሥራት የምፈልገው እንደ ሥዕል የሚታይ፣ የሚለበስ ጥበብ ነው። የማይበጠሰው ክር የትኛው ነው? ጠገራ ብርና የድሮ መስቀል ብጨምርበትስ ደረጃው ከፍ ይላል?»

ከክሩ ልጀምር። ክርዎ ደካማ ሆኖ አልተበጠሰም። 10 ኪሎ የሚችል ክር 210 ግራም ሲሸከም ከጭነቱ አርባ ሰባት እጥፍ አቅም አለው። 20 ኪሎ የሚችል ገዝተው ቢሰኩበት በአራተኛው ወር ፈንታ በስድስተኛው ይበጠስ ይሆናል እንጂ ከመበጠስ አይድንም፤ የሚቆርጠውን ነገር እዚያው ጌጡ ውስጥ አስቀምጠውታልና።

የተበጠሰውን ክር ካልጣሉት ጫፎቹን በማጉያ መነጽር ይመልከቱ። ጫፉ ተስቦ የቀጠነ ከሆነ ከአቅም በላይ ተጎትቷል፤ ሕፃን ይዞ ስቦታል፣ ወይም የበር እጀታ ላይ ተሰክቷል። እንደ ሐረግ ጫፍ የተጠቀለለ ከሆነ የተበጠሰው ክሩ ሳይሆን የተፈታው ቋጠሮው ነው። የዓሣ ማጥመጃ ክር አንድ ወጥ የናይለን ዘንግ ስለሆነ ገጹ ያዳልጣል፣ ተጠቅልሎ የነበረበትንም ቅርጽ አይረሳም፤ ስለዚህ ቋጠሮውን ራሱ ሲገፋው ይኖራል። ጫፉ ሻካራ፣ የተላጠና ነጣ ያለ ከሆነ ግን ተከርክሯል። የእርስዎ ሦስተኛው እንደሚሆን እወራረዳለሁ።

የሚከረክረው ጠልሰሙ ነው። አንጥረኛው ብሩን ሲበሳው ከወዲያኛው ወገን ስለታም ከንፈር ይቀራል፤ ዓይን አያየውም፣ ጣትም ብዙ ጊዜ አይለየውም። ጌጡን ያደረገችው ሴት በተራመደች ቁጥር ጠልሰሙ ወዲያና ወዲህ ይላል። በአንድ እርምጃ አንድ ጊዜ መጋዝ እንደ መሳብ ቁጠሩት። እስክስታው ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን ሠርጉ አሳይቶዎታል። ይህን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ከአሮጌ ነጠላ ጫፍ አንድ ክር ይምዘዙ፣ በቀዳዳው ያሳልፉት፣ ሁለቱን ጫፍ ይዘው ሃያ ጊዜ ያህል ወዲያና ወዲህ ይሳቡት። ክሩ ከተያዘ ወይም ከጎፈረ ያ ቀዳዳ ገና አልተሠራም። በቀጭን ክብ ሞረድ ከሁለቱም ወገን ጠርዙን ያለስልሱትና እንደገና ይሞክሩት። የመስታወት ዶቃ ከሆነ የሚሞርዱት ውሃ ውስጥ ነክረው ነው፤ የመስታወት ብናኝ ወደ ሳንባ መግባት የለበትም።

የክርና የቀዳዳ ጠብ በእርስዎ አልተጀመረም። ሞሮኮ ውስጥ ቢዝሙን በሚባል ዋሻ የተገኙ፣ ከ142,000 እስከ 150,000 ዓመት ዕድሜ የተሰጣቸው ትንንሽ ዛጎሎች ጌጥ እንደነበሩ ካሳወቁት ምልክቶች አንዱ በቀዳዳቸው ዙሪያ ያለው መፈግፈግ ነው። እነዚያን ዛጎሎች ማሰሪያው ቀስ እያለ በላቸው፤ የእርስዎ ጠልሰም ግን ክሩን በላው።

አሁን ወደ ትልቁ ስሕተት። የደንበኛዋን «ተበጠሰ» እና የተመልካቹን «የቱሪስት ዕቃ ይመስላል» እንደ ሁለት ችግር አቅርበዋቸዋል። በእኔ ዓይን ምንጫቸው አንድ ነው። ጌጡን የነደፉት ጠረጴዛ ላይ አስተኝተው ነው። የተኛ ጌጥ ክብደት የለውም። ዶቃው ሁሉ ፊቱን ወደ ላይ ይሰጣል፣ ሰባቱም ጠልሰም ተራርቆ ይቀመጣል፣ ክፍት ቦታ ሲታይ እጅ ይሞላዋል። አንገት ላይ ሲወጣ ግን ከባዱ ሁሉ ወደ መሐል ይንሸራተትና ሰባቱ ጠልሰም ደረት ላይ ይከመራል። መቆለፊያው ከማጅራት ተነስቶ ወደ ጆሮ ሥር ይመጣል፣ ከኋላ በጥንቃቄ የደረደሩትን ዶቃ ደግሞ ፀጉርና ነጠላ ይሸፍነዋል። ክሩን ያስከረከረው ይኸው ክምር ነው። ሥራውን የገበያ ዕቃ ያስመሰለውም እሱ ነው፤ ያለውን ሁሉ አንድ ላይ የሚያሳይ ገበያ ነውና።

ስለዚህ ንድፍ የሚጀምረው ከቀለም ሳይሆን ከክብደት ነው። አንድ ዶቃ ከመሰካትዎ በፊት ሲባጎ በሚፈልጉት ርዝመት ቆርጠው አንገትዎ ላይ ያስሩ፤ ጠልሰም በሚሆንበት ቦታ ተመሳሳይ ክብደት ያለው ብሎን ያንጠልጥሉና ለግማሽ ሰዓት የቤት ሥራዎን ይሥሩ። ጎንበስ ይበሉ፣ ደረጃ ይውጡ፣ ሰው አቅፈው ሰላም ይበሉ። ሲባጎው የት እንደሚያርፍ፣ ብሎኑ የት እንደሚጋጭ፣ ማጅራትዎ በስንተኛው ደቂቃ እንደሚቆጣ ያያሉ። ይህ አስቂኝ ይመስላል፤ ባለቤቴም ሲስቅብኝ ኖሯል። ነገር ግን ለመጀመሪያ ዐውደ ርእዬ የሠራሁት ጌጥ 340 ግራም ነበር። ያደረገችው ልጅ ሃያ ደቂቃ ታግሣ አወለቀችውና እስከ ማታ ወንበር ላይ ዋለ። የማይለበስ ሆኖ ሳለ የሚለበስ ጥበብ ብዬ ጽፌበት ነበር።

ጠገራ ብር ልጨምር ወይ ላሉት መልሱ እዚህ ላይ ነው። 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸበት የማርያ ቴሬዛ ጠገራ አንዱ 28 ግራም ነው። አምስት ቢጨምሩ 140 ግራም፣ ከነበረው ጋር 350 ግራም ይሆናል፤ ከሲሶ ኪሎ በላይ አንገት ላይ ማለት ነው። በእኔ ልክ ቀኑን ሙሉ የሚደረግ ጌጥ ከ120 ግራም ባይበልጥ ይመረጣል። ከዚያ በላይ መሄድ ከፈለጉ ክብደቱ የሐሳቡ አካል መሆን አለበት፣ ማመጣጠኛም ያስፈልገዋል። የጥንት ግብጻውያን ሰፊውን የደረት ጌጣቸውን ሲያጠልቁ ከጀርባ የሚወርድ ማመጣጠኛ ያደርጉለት ነበር። ጌጡ ወደ ፊት አይጎትትም፣ ጀርባውም ያጌጣል። የእርስዎ ጌጥ ጀርባ እስካሁን መቆለፊያ ብቻ ነው፤ ከጠልሰሞቹ አንዱን ከማጅራት ወደ ታች ቢያወርዱት ሁለት ሥራ ይሠራል።

መገልበጥን በተመለከተ፣ አልጠየቁኝም እንጂ ጠልሰምዎ እየዞረ ጀርባውን እንደሚያሳይ ገምቻለሁ። በአንድ ነጥብ የተንጠለጠለ ጠፍጣፋ ነገር ሁልጊዜ ይዞራል። በሁለት ነጥብ፣ ከግራና ከቀኝ ትከሻው ያንጠልጥሉት። ማንጠልጠያው ላይኛው ጠርዝ ላይ ይሁን፤ ከክሩ በላይ የሚቀረው ክብደት ከበዛ ወደ ፊት ይደፋል። ለዚህ ከዚህ የረዘመ ምሥጢር የለውም።

ሌላው የጠረጴዛ ስሕተት ልብሱን መርሳት ነው። የሐበሻ ቀሚስ ከአንገት እስከ ደረት የሚወርድ ጥልፍ አለው፤ ብዙ ጊዜም መስቀል ሆኖ ያልቃል። የእርስዎ ጌጥ ደግሞ ርዝመቱ ልክ እዚያ ጥልፍ ላይ ይወድቃል። ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ሲናገር ማንም አይሰማም። ወይ ከጥልፉ በላይ ቆሞ የአንገትን ሥር የሚከብ፣ 40 ሴንቲ ሜትር ግድም የሆነ ጌጥ ይሥሩ፤ ወይ ደግሞ ለዝርግ ልብስ ብቻ የታሰበ ሥራ መሆኑን ወስነው ለገዢዎ ይንገሩ። ቀለሙንም እንዲሁ ልብሱ ላይ አስቀምጠው ይዩት። ብርሃን የሚያሳልፍ ቀይ ዶቃ ነጭ ጠረጴዛ ላይ እንደ ሮማን ፍሬ ያበራል፣ ጥቁር ልብስ ላይ ግን ደም የረጋበት ይመስላል። ብርሃን የማያሳልፈው ቀይ በሁለቱም ላይ ቀይ ነው። የድሮዎቹ የቬኒስ ዶቃ ሠሪዎች ለአፍሪካ ገበያ ከላኳቸው ቀይ ዶቃዎች ብዙዎቹ ውስጣቸው ነጭ የሆነው ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ነጩ ልብ ከሥር ብርሃኑን እየመለሰ ቀዩን ያደምቀዋል። እጅዎ ላይ ካሉት ውስጥ ቀዳዳቸው አካባቢ ነጭ ቀለበት የሚታይባቸውን ለብቻ ያስቀምጡ፤ ለተሻለ ሥራ ይሆናሉ።

አሁን «ጥበብ» ወደሚለው ቃል እንምጣ። የቁሳቁስ ብርቅነት ሥራን ጥበብ አያደርገውም። አሜሪካ ውስጥ ባልቲሞር የምትሠራው ጆይስ ጄ. ስኮት እ.ኤ.አ. በ1948 የተወለደች፣ በ2016 ለፈጠራ ሰዎች የሚሰጠው የማክአርተር ሽልማት የተሰጣት የዶቃ ሠዓሊ ናት። የምትጠቀመው በዋነኛነት ማንም የሚገዛውን ደቃቅ የመስታወት ዶቃ፣ መርፌና ክር ነው። ዶቃን ከዶቃ ጋር እየሰፋች የሰው ፊት፣ አካልና ትዕይንት ታወጣለች። ከሩቅ በቀለሙ የሚያማልለው የአንገት ጌጥ ቀረብ ሲሉ ስለ ዘረኝነትና ስለ ዓመፅ የሚናገር ሆኖ ይገኛል። እናቷ ኤልዛቤት ታልፎርድ ስኮት የታወቀች የጨርቅ ቅጥልጥል ሠዓሊ ነበረች፤ ልጅቷ መስፋትን ያየችው ከቤቷ ነው። ያቺን ሴት ይቅዱ ማለቴ አይደለም። ዶቃው የሁሉም ሆኖ ውሳኔው የእሷ መሆኑን እንዲያዩልኝ ነው።

ውሳኔ ስል ምን ማለቴ እንደሆነ በእርስዎ ዕቃ ላሳይ። ሰባት ጠልሰም፣ ቀይ ዶቃ፣ ቢጫ ዶቃ አለዎት። ስድስቱን ጠልሰም ያውጡ። ቢጫውን ሙሉ በሙሉ ያስቀሩ። ቀዩን ብቻ በሦስት ረድፍ ይስኩ፤ ቀኙን ጥቅጥቅ አድርገው ግራውን እያሳሱት ይሂዱ፣ እስከመጨረሻው ባዶ ክር እስኪታይ ድረስ። አንዱን ጠልሰም መሐል ሳይሆን ዶቃው ካለቀበት ቦታ ያንጠልጥሉት። አሁን ዓይን የሚሄድበት መንገድ አለው፤ ከብዙ ወደ ጥቂት፣ ከጥቂት ወደ አንድ። ይህን ሥራ ያየ ሰው ወዶም ጠልቶም ሊሆን ይችላል፤ «የቱሪስት ዕቃ ይመስላል» ለማለት ግን ይቸግረዋል። ባዶውን ክር ለመሙላት እጅዎ ይበላዎታል። ይታገሡ።

የድሮ መስቀልና ክታብ ማስገባትን አልመክርም፤ ይህ የጣዕም ጉዳይ ብቻ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። የእርስዎ ገዢ ውጭ አገር የምትኖር ከሆነች መስቀሉ ኤርፖርት ላይ ሊያዝባት፣ ጌጡም አብሮ ሊቀር ይችላል። ክታብንም ውስጡን ለማየት ብለው አይክፈቱ። አዲስ መስቀል ከአንጥረኛ ማሠራት ይችላሉ፤ ሲያሠሩም ቀዳዳውን የት እንደሚፈልጉ እርስዎ ይወስናሉ፣ ይህ ራሱ ትልቅ ጥቅም ነው። የሌላ ሕዝብ ጌጥ ሲዋሱም ጌጡ ምን እንደሚል ጠይቀው ይሁን። የሐመር የመጀመሪያ ሚስት የምታጠልቀው፣ ከፊቱ ጉጥ የወጣበት የአንገት ጌጥ የጋብቻ ማዕረግ ነው። ለማማር ብለው ያልተጋባች ሴት አንገት ላይ ሲያስገቡት የሚያውቅ ሰው ይሸማቀቅልዎታል። የራሳችንም ቢሆን ሸክም አለበት፤ ኅብረ ቀለም ያለውን ዶቃ ጨሌ ብሎ ከዛርና ከውቃቢ ጋር የሚያያይዝ፣ በእጁም የማይነካ ደንበኛ ይገጥምዎታል። ከእሱ ጋር አይከራከሩ፤ አንድ ቀለም ያለውን ያሳዩት።

ስለ ቁሳቁሱ ሐቀኝነት አንድ ነገር ልበል። «አምበር» ብለው የገዙት ምናልባት አምበር አይደለም። በአፍሪካ ገበያ በዚህ ስም ከሚሸጡት ትልልቅ ቢጫ ዶቃዎች እጅግ ብዙዎቹ በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አውሮፓ ውስጥ መመረት የጀመሩ የፊኖል ፕላስቲክ ናቸው። አንድ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጨው መሟሟት እስኪያቆም ይጨምሩና አንዱን ዶቃ ይጣሉበት። ከሰመጠ አምበር አይደለም። ከተንሳፈፈ ግን አምበር ነው ማለት አይደለም፤ ገና ያልበሰለ የዛፍ ሙጫም፣ አንዳንድ ቀላል ፕላስቲክም ይንሳፈፋልና። የጋለ መርፌ መውጋት የሚሉትን ዘዴ ይተዉት፣ ዶቃውን ያበላሻል። ፕላስቲክ መሆኑ አያሳፍርም፤ የድሮው የራሱ ውበትና የራሱ ዋጋ አለው። የሚያሳፍረው በሌላ ስም መሸጥ ነው። ብርም እንዲሁ ነው፤ የጀርመን ብር የሚባለው ነጭ ማዕድን የመዳብ፣ የኒኬልና የዚንክ ቅይጥ እንጂ ውስጡ ብር የለበትም። ኒኬል የብዙ ሰው ቆዳ ያሳክካል። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ቆዳ ላይ ለሚውል ጌጥ በሳምንት በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ከ0.5 ማይክሮ ግራም በላይ ኒኬል እንዳይለቅ ይወስናል፤ ወደዚያ የሚልኩ ከሆነ ምንነቱ ያልታወቀ ነጭ ማዕድን አይጠቀሙ።

እንግዲህ ክሩ። የማይበጠስ ክር የለም፤ ለጌጡ የሚስማማ ክር ነው ያለው። የዓሣ ማጥመጃውን ይተዉት፤ ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ግትር ስለሆነም ጌጡን ከደረት ላይ ያቆመዋል። ሐር ለቀላል ዶቃና ለሉል ጥሩ ነው፤ አንገት ላይ የሚያርፍበት ልስላሴ የትኛውም ክር ላይ የለም። ለብር ግን አይሆንም፣ ይለጠጣል፣ ላብም ይጎዳዋል። በናይለን የተሸፈነ የብረት ክር ለከባድ ጌጥ ይሆናል፤ 49 ደቃቅ ዘንጎች የተገመዱበትን እንጂ 7 ያለውን አይግዙ፣ ሰባቱ ቶሎ ይታጠፋል። ሲዘጉትም ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ትርፍ ይተዉ፤ ጥብቅ ተደርጎ የተሰካ የብረት ክር መቆለፊያው ጋ ይሰበራል።

ለእርስዎ ሥራ የምመክረው ግን አንድ ነው፤ በሰም የታሸ የተጎነጎነ የናይለን ክር፣ በየዶቃው መካከል እየቋጠሩ። እንደ ማተብ ለስላሳ ነው፣ በአንድ ቦታ ቢበጠስ የሚወድቀው አንድ ዶቃ እንጂ አዳራሽ ሙሉ አይደለም፣ ቋጠሮው ዶቃ ከዶቃ እንዳይፋጭም ይለያያል። ቋጠሮውን ዶቃው ሥር ለማድረስ ወስፌ ይጠቀሙ። ልል ቋጠሮ ይሥሩ፣ ወስፌውን ያስገቡበት፣ ቋጠሮውን እየገፉ እስከ ዶቃው አፍ ያድርሱት፣ ከዚያ ወስፌውን እያወጡ ያጥብቁ። ከጠልሰሙ ግራና ቀኝ ጠርዙ የለሰለሰ ክብ ዶቃ ያስገቡ፤ የጠልሰሙ ቀዳዳ ሰፊ ስለሆነ ቋጠሮው ብቻውን ይሾልካል። ክሩን ሲቆርጡ ከጌጡ ርዝመት ሦስት እጥፍ ያድርጉት፣ ቋጠሮ ክር ይበላል። በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ የሚደረግ ጌጥ በሁለት ዓመት አንዴ ክሩ መቀየር አለበት፤ ይህን ሲሸጡ ይናገሩ፣ ዋጋው ውስጥም ያስገቡት። ሽቶ ከጌጡ በፊት እንጂ በኋላ እንደማይነፋ፣ ጌጥ አድርጎ እንደማይታጠብም አብረው ይንገሯቸው።

ለሠርገኛዋ ደንበኛዎ ገንዘብ ከመመለስዎ በፊት ጌጡን በነጻ እንደገና እንዲሠሩላት ይጠይቋት። አንዱን ጠልሰም ከፊት፣ አንዱን ከማጅራት አድርገው ይስኩት፤ የቀሩትን አምስቱን ቀዳዳቸውን ሞርደው በትንሽ ከረጢት አብረው ይስጧት፣ ገንዘቧ ነውና። ከመስጠትዎ በፊት ግን አንድ ቀን ሙሉ ራስዎ አድርገውት ይዋሉ።